ከዋይት ቦርድ ላይ አልለቅ ያለ ማርከር፦ አንድ ጥያቄ፣ 33 ምላሽ

ጥያቄውን የለጠፈው ባሕር ዳር የሚያስተምር የ9ኛ ክፍል የሒሳብ መምህር ነው። በክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት ክፍሉን የተጠቀመበት ሰው አንድ ሙሉ የፕሮግራም ሠንጠረዥ በፐርማነንት ማርከር ዋይት ቦርዱ ላይ ጽፎ ሄዷል። ከሠንጠረዡ ሥር ደግሞ የቆየ ጥላ አለ። የአምና እኩልታዎች ግራጫ ሆነው ቀርተዋል። በዳስተር ሞከረ፣ በውሃ ሞከረ፣ በኦሞ አሸ። ንቅንቅ የለም። ከኋላ የተቀመጡ ተማሪዎች የዛሬውን የመቀነስ ምልክት ከአምናው መለየት አቅቷቸዋል። ምን ልጠቀም ነው ጥያቄው።

ምላሾቹን በየቁጥራቸው ላውራላችሁ። ክሩ፣ ማለትም ከጥያቄው ሥር ተከታትለው የተለጠፉት ምላሾች፣ ረጅም ስለሆነ ብዙ ሰው እስከ መጨረሻው አያነበውም። መሀል ላይ ደግሞ አንብቦ ዝም ሊባል የማይገባው አደገኛ ምክር አለ።

1ኛዋ አዲስ አበባ ያለች የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። መምህሩን በትሕትና ሰላም ካለች በኋላ የእጅ ሳኒታይዘር መከረች። ከኮሮና ጊዜ የተረፈ ጠርሙስ የሌለው ትምህርት ቤት የለም፣ ጨርቅ ላይ አፍስሰው ይሞክሩት ነው ያለችው።

2ኛው ፋርማሲ ውስጥ የሚሠራ ሰው ነው። እስማማለሁ ወይም እቃወማለሁ ሳይል አንድ ነገር ጨመረ። ሳኒታይዘር ውስጥ ሥራውን የሚሠራው አልኮሉ ነው። ነገር ግን እጅ እንዳያደርቅ ግሊሰሪን ይገባበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በሰጠው ቀመር መሠረት የሚሠራው ሳኒታይዘር 80 በመቶ ኤታኖል አለው፣ ግሊሰሪኑም ወደ 1.45 በመቶ ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ቦርድ ላይ ግን ይቀራል። ከዚያ በኋላ የሚጻፈው ጽሑፍ ይዝረከረካል። ስለዚህ በሳኒታይዘር የጠረገ ሰው ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ፣ ቀጥሎም በደረቅ ጨርቅ ይድገመው። ንጹሕ አልኮል ካለ ደግሞ እሱ ይሻላል።

3ኛው አጭር ነበር። ፐርማነንቱ ላይ በተለመደው የቦርድ ማርከር ደርበህ ጻፍበት፣ ሳይደርቅ ጥረገው፣ አብሮ ይለቃል። በቃ።

4ኛው አላመነም። በቀለም ላይ ቀለም ጨምሮ ማጽዳት የት አገር ነው ብሎ ሳቀ። ሦስት የሳቅ ምስልም አስከተለ።

5ኛው ግን ሳቁን አስቆመው። ይህ ሰው የኬሚስትሪ መምህር ነው፤ ማብራራት ይወዳል፣ ያውቅበታልም። የሁለቱም ማርከር ቀለም በመሠረቱ አንድ ዓይነት ነው ይላል። ማቅለሚያ አለ፣ ማቅለሚያውን የሚያያይዝ ሙጫ አለ፣ ሁለቱን በፈሳሽነት የሚያቆይ አሟሚ አለ። አሟሚው በአብዛኛው አልኮል ነው። ስንጽፍ አልኮሉ ይተናል፣ የቀረው ሰሌዳው ላይ ይደርቃል። ፐርማነንቱ ላይ ሙጫው ሰሌዳውን ጨምድዶ ይይዛል። የቦርድ ማርከር ውስጥ ግን ቅባት መሰል ነገር ይጨመራል። ይህ ቅባት ቀለሙ ከሰሌዳው ጋር እንዳይጣበቅ ስለሚያደርገው በዳስተር ሲነካ ይረግፋል። እንግዲህ በፐርማነንቱ ላይ ሲደረብ፣ አዲሱ አልኮል የደረቀውን ሙጫ ያላላዋል፤ ቅባቱ ደግሞ መልሶ እንዳይጣበቅ ያደርገዋል። ምስጢሩ ያ ነው። ማርከሩ ግን አዲስና ቀለሙ የሞላ መሆን አለበት፤ በደረቀ ማርከር መፋቅ ትርፉ ድካም ነው። ደግሞም ሰፊ ቦታ ቀብቶ ከመጠበቅ፣ መስመር በመስመር እየደረቡ ወዲያው መጥረግ ይሻላል።

እዚሁ ላይ ስለ ጥላውም ነገሩን ፈታው። የቦርድ ማርከርም ቢሆን ሳይጠፋ ለሳምንታት ከቆየ ቅባቱ ኃይሉን ያጣል፣ ቀለሙ እንደ ፐርማነንት ይይዛል። ፀሐይ የሚያገኘው ቦርድ ላይ ይብሳል። ክረምቱን ሙሉ ተጽፎ የከረመ ነገር በዳስተር አልወጣም ቢል አይግረማችሁ ነው ነገሩ።

6ኛው በአረቄ ቢሆንስ አለ። 7ኛው ዳግም አረቄ እንኳ ግማሹ አልኮል እንደማይሞላ፣ ደግሞም ሽታው ይዞ ርዕሰ መምህሩ ቢመጣ ማን እንደሚያስረዳ ጠየቀ። ፊንጫና መተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ከሞላሰስ ኤታኖል የሚያመርቱበት አገር ውስጥ ለሰሌዳ አረቄ መፈለግ አሳፋሪ ነው ሲልም ቀለደ።

8ኛው የጋራዥ ሰው ነው። እስካሁን የተባለው ሁሉ የልጅ ጨዋታ ነው ባይ ነው። ቲነር ወይም አሴቶን፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ታሪክ ይሆናል። መኪና ላይ የተረጨውን ቀለም ያነሳ ነገር ማርከር ያቅተዋል ወይ አለ።

9ኛው ለእኔ የክሩ ሁሉ ቁም ነገር ነው። ጸሐፊው የጽሕፈት መሣሪያ መደብር አለው፣ ቦርድ ይሸጣል። ከሱ በፊት ስምንት ሰው ጽፏል፤ ቦርዱ ከምን እንደተሠራ የጠየቀ ግን አንድም የለም። ዋይት ቦርድ ተብሎ የሚሸጠው አንድ ዓይነት ዕቃ አይደለም ይላል። ርካሹ እንጨት ወይም የተጨመቀ ጣውላ ላይ ሜላሚን የሚባል የፕላስቲክ ሽፋን የተለጠፈበት ነው። ቀጥሎ ያለው ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ነው። ውዱ ኢናሜል የተጋገረበት ብረት ነው፤ ያ ነጭ፣ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነው የድሮ ጣሳ ኩባያ የተሠራበት ነገር ማለት ነው። መስታወትም አለ። ሜላሚን ሲያረጅ ላዩ ያልቅና ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል፣ ቀለም ወደ ውስጥ ይገባል። ኢናሜልና መስታወት ግን ቀለም አያስገቡም፤ ላያቸው ላይ የቀረ ነገር ሁሉ ይለቃል።

መለያውንም ሰጠ። ማግኔት አስጠጉ። ካልያዘ ሜላሚን ሳይሆን አይቀርም፤ መስታወትም ሊሆን ይችላል፣ እሱን ግን በዓይን ታውቁታላችሁ። ማግኔት ከያዘ ማንም የማያየው ጥግ ላይ በቁልፍ ጫፍ ጫር አድርጉ። ከተጫረ የተቀባ ቆርቆሮ ነው፣ ካልተጫረ ኢናሜል ነው። አሴቶንና ቲነር ኢናሜልና መስታወት ላይ ምንም አያደርጉም። ሜላሚንና የተቀባ ቆርቆሮ ላይ ግን ጽሑፉን ይዘው ላዩንም ይዘውት ሊሄዱ ይችላሉ። የፕላስቲኩን ጠርዝም ያቀልጣሉ።

ከ10 እስከ 12 ያለው ጭቅጭቅ ነው። የጋራዡ ሰው ተመልሶ እሱ የነካው ቦርድ ተበላሽቶ እንደማያውቅ ማለ። የቦርድ ሻጩ ቦርዱ ኢናሜል ስለነበረ ነው አለው። የጋራዡ ሰው ቦርድ ለመሸጥ ነው ይህን ሁሉ የምታወራው አለ። እዚህ ላይ አንቱታው ቀርቶ አንተ ተጀመረ።

13ኛዋ በረኪናን ከአቼቶ ጋር ደባልቃ ሽንት ቤት እንደምታጸዳበት፣ ለቦርድም እንደሚሆን ጻፈች።

14ኛው የኬሚስትሪው መምህር ነው፣ በዚህ ጊዜ አልሳቀም። በረኪናና አቼቶ ሲገናኙ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ጠባብ ሽንት ቤት ውስጥ ሳንባ ያቃጥላል። በረኪናን ከአሞኒያ ጋር መቀላቀልም እንዲሁ መርዝ ነው። ከአልኮል ጋርም አይገናኝ፤ ክሎሮፎርምና መሰሎቹ ሊፈጠሩ ይችላሉ። አንድ ሰው የ1ኛዋን ሳኒታይዘር ሞክሮ አልለቅ ሲለው በላዩ በረኪና ቢያፈስስ ምን እንደሚሆን አስቡት አለ። የሚያናድደው ደግሞ ለዚህ ሥራ በረኪና ጨርሶ አለመጥቀሙ ነው። ብዙ ጥቁር ማርከር ውስጥ ያለው ማቅለሚያ ካርቦን ነው፣ ካርቦንን በረኪና አያነጣውም። ምላሹ እንዲሰረዝ ጠየቀ። ቃሉ ሻካራ ነበር፤ ልክ ግን ነበር።

15ኛዋ ያችው ሴት ናት። ስንት ዓመት ስትደባልቅ ምንም ሆና እንደማታውቅ፣ ሰውን በጨዋ ደንብ ማረም እንደሚቻል ጻፈች። በ16ኛው አንድ የታሪክ መምህር ገባና ክሎሪን እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 22 ቀን 1915 ቤልጅየም ውስጥ ኢፕር ላይ ጀርመኖች በጦር መሣሪያነት የለቀቁት ጋዝ መሆኑን አስታወሰ። እናቴ፣ ሽንት ቤትሽን መስኮት ከፍተሽ በአንዱ ብቻ እጠቢ ብሎም ጨረሰ። ከዚያ በኋላ አልመለሰችም። እንደገባት ተስፋ አደርጋለሁ።

17ኛው ጠያቂው ራሱ ነው። የሚደነቅ ሰው ነው፣ የተባለውን አንድ በአንድ ሞክሮ መጣ። ማግኔት አልያዘም፣ ስለዚህ ሜላሚን ነው። አሴቶኑን ትቶ የ3ኛውን ዘዴ ያዘ። ሠንጠረዡ አብዛኛው በአዲስ ጥቁር ማርከር ደርቦ ሲጠርገው ለቀቀ። ግትር ያሉ መስመሮችን ከፋርማሲ በገዛው አልኮል ጨረሳቸው። መስኮቶቹን ከፍቶ፣ ተማሪዎቹን አስወጥቶ። 4ኛውንም ሳቁን እንዲመልስ በቀልድ ጠየቀው። ጥላው ግን አለ። በተለይ መሀል ላይ፣ ሁሌ የሚጻፍበት ቦታ፣ ቦርዱ ወዙን አጥቶ ደብዝዟል፤ በጎን ሲያዩት ጭረት በጭረት ነው። ሲያጠያይቅ ቦታው ለዓመታት በአመድና በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ሲታሽ መኖሩ ታወቀ።

ከዚህ በኋላ ክሩ መልኩን ለወጠ።

18ኛው ጽዳት ሠራተኞችን ወረደባቸው። የመንግሥት ንብረት እንዲህ ነው የሚጠፋው፣ ያልተማረ ሰው ቀጥሮ ምን ይጠበቃል ዓይነት ነገር ነው። አልደግመውም።

19ኛዋ መለሰችለት። እናቷ ትምህርት ቤት ውስጥ በጽዳት እንደሠራች ትናገራለች። እናቷ ጠዋት መምህራን ሳይገቡ ትደርሳለች። የሚሰጣት መጥረጊያ፣ ባልዲና አንዳንድ ጊዜ ሳሙና ነው። አልኮል የሰጣት የለም፣ የቦርድ ማጽጃ ፈሳሽ ዓይታ አታውቅም። መምህሩ ቦርዱን ሳያጠፋ ይወጣል፤ ቦርዱ ቆሽሾ ሲገኝ ግን የምትጠራው እሷ ናት። በእጇ ያለው አመድ ነበርና በአመድ ፈተገች። የተማረው ሰው ከክፍል ሲወጣ ዳስተር ማንሳት ለምን እንዳቃተው ጠየቀችና ምላሿን ዘጋች። እስካሁን በክሩ ውስጥ ብዙ ድጋፍ ያገኘው ይህ ነው፣ ይገባዋልም። ፐርማነንት ማርከር ይዞ ሰሌዳ ላይ የወጣው ሰው የጽዳት ሠራተኛ አልነበረም።

20ኛው 18ኛው ነው፤ ማለቱ እንደዚያ እንዳልነበረ ጻፈ። ግማሽ ይቅርታ ነበር።

21ኛው ለጭረቱ ኮልጌት መከረ። 22ኛው ቦርድ ሻጩ ነው። የጥርስ ሳሙናም እኮ ማሻሻ ዱቄት አለበት፣ ጭረት በጭረት አይድንም አለ። ያ ነጭ፣ ስፖንጅ የሚመስል፣ ሁሉን ያጠፋል የሚባለው ነገርም ከዚያው ወገን ነው፤ የሚሠራው በጣም ደቃቅ አድርጎ በመፋቅ ነው። አንድ ጊዜ ያምራል፣ ሲደጋገም የሜላሚኑን ላይ ይበላዋል። ጥላው እድፍ መሆኑ ቀርቷል፣ የሰሌዳው ቁስል ነው አለ።

23ኛዋ እንዶድን አነሳች። ጋቢ የሚያነጣ ነገር ይህን ያቅተዋል ወይ? የኬሚስትሪው መምህር እንዶድ አረፋው ቅባትና ላብ እንደሚያነሳ፣ የደረቀ ሙጫ ግን እንደማያሟሟ በአንድ መስመር መለሰ። ይኸው 24ኛው ነው። ነገሩ እዚያ ቢያልቅ ጥሩ ነበር።

25ኛው ግን የእንዶድ ስም ሲነሳ ዝም ማለት ያልቻለ ሰው ነው፣ እኔም አልፈርድበትም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ማየታቸውን ተረከ። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዚያ ተሸካሚዎች ናቸው። ከዚያች ወንዝ ዳር የተነሳው ምርምር ለዶክተር አክሊሉና ለዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አስገኘ። ከሰሌዳ ጋር ምን አገናኘው ብሎ 26ኛው ተቆጣ። ከዶክተር አክሊሉ ይልቅ ስለ ኮልጌት ማውራት ትመርጣለህ ወይ የሚል መልስ ተሰጠው፣ እሱ 27ኛው መሆኑ ነው።

28ኛው ጠመኔን ናፈቀ። ጥቁር ሰሌዳ፣ ጠመኔ፣ እርጥብ ጨርቅ። ፐርማነንት ጠመኔ የለም። አቧራው ግን በየቀኑ ፀጉርና ሳንባ ውስጥ ሲገባ እንደኖረ፣ ኮቱ ከትከሻው በላይ ነጭ ሆኖ ቤት ይገባ እንደነበር ራሱ አመነ። ከዚያ ወደ ዋጋ ገባ። ማርከር አልቆ ሲጠየቅ የለም ይባላል፣ መምህሩ ከኪሱ ይገዛል። ለመቆጠብ የማርከሩን ክዳን ከፍቶ ቀለም ይሞላል። ችግሩ እዚያ ነው። በጠርሙስ የሚሸጠው ሁሉ የቦርድ ማርከር ቀለም አይደለም፤ ያው ለመሙያ ተብሎ የማኅተም ቀለም የገዛ መምህር ቦርዱን ለሁለት ዓመት ሰማያዊ አድርጎት ቀርቷል አለ። ባዶ ክዳን ላይ የቦርድ ማርከር ተብሎ ስለተጻፈ ውስጡ ያ ነው ማለት አይደለም። ማርከርን አፉን ወደ ላይ አድርጎ ማቆም ቀለሙን ወደ ታች ስለሚያወርደው ቶሎ የደረቀ ይመስላል፤ አጋድሞ ማስቀመጥ እንደሚያስቆጥብም ጨመረ። ይህን ብዙዎቻችን የምናውቅ አይመስለኝም፤ የኮቱ የደረት ኪስ ውስጥ ማርከር ሰክቶ የሚዞር መምህር ስንት ነው?

29ኛው ከቨርጂኒያ ነው። ሁሉም ነገር በክሩ ውስጥ የተባለ መስሎት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። ቦርዱ ሲገዛ ላዩ ላይ የነበረው ስስ የፕላስቲክ ሽፋን ተልጧል ወይ? እሱ በሚሠራበት ቢሮ አንድ ቦርድ ለረጅም ጊዜ እየቆሸሸ አስቸግሮ፣ በመጨረሻ አንዱ ጥጉን በጥፍሩ ቢነካው ፕላስቲኩ ተነሳ። ሥሩ እንደ አዲስ ነበር።

ጠያቂው የእሱ ቦርድ ሽፋን እንደሌለው አየ። ነገር ግን 30ኛው፣ እስከዚያች ደቂቃ ድምፁን አጥፍቶ ሲያነብ የቆየ አንድ የአዲስ አበባ ቢሮ ሠራተኛ፣ ተነስቶ የራሳቸውን የስብሰባ ክፍል ቦርድ ጥግ ፈተሸ። ፕላስቲክ። ለስንት ጊዜ በአልኮል ሲታገሉት የነበረው ሽፋኑን ነው። ፎቶ ለጠፈ፤ ሽፋኑ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተንጠልጥሏል። ክሩ ውስጥ ሁሉም አንድ ላይ የሳቀው እዚህ ብቻ ነው። የጋራዡ ሰው እንኳ ሳቀ።

31ኛው ቦርድ ሻጩ ለመምህሩ የመጨረሻ ምክር ሰጠ። ወዙ ያለቀ ሜላሚን ወደ አዲስነቱ አይመለስም። የመኪና ሰም በስሱ ቀብቶ በደረቅ ጨርቅ ማሸት ቀዳዳዎቹን ለጊዜው ይደፍናል፤ ማርከሩ እንደገና ይጠፋል፣ ግን እየቆዩ መደገም ይፈልጋል። የሚጻፍበት ተለጣፊ ነጭ ሽፋን በሜትር ይሸጣል፤ ከታች ያለው ገጽ ንጹሕና ለጥ ያለ ከሆነ ዓመታት ያስኬዳል። ሦስተኛው ቦርዱን መቀየር ነው። የሚቀየር ከሆነ ግን ሁለት ርካሽ ከመግዛት አንድ ኢናሜል ይሁን አለ። ሻጭ ስለሆነ ነው የሚለው ሰው መኖሩን ስለሚያውቅ፣ የሚሸጠው ሜላሚኑን እንደሆነ፣ ኢናሜሉ እሱ ዘንድ እንደሌለ ከሥር ጻፈ።

32ኛው ጠያቂው ነው። ሰሙን የጋራዡ ሰው እንዲልክለት ጠይቋል። የጋራዡ ሰው እሺ ብሏል፣ ባሕር ዳር የሚሄድ የሚያውቀው ሾፌር አለ። አልኮሉንና ንጹሕ ጨርቁን ግን ለጽዳት ሠራተኛዋ ሰጥቶ እንዴት እንደሚሠራ አሳይቷታል፤ ዳስተሩንም ራሱ አጥቦ አስጥቷል፣ በቆሸሸ ዳስተር መጥረግ ቀለሙን ከቦታ ወደ ቦታ ማዞር ነውና። ክፍሉን በክረምት የተጠቀመውን ሰው አግኝቶት እንደሆነ የጠየቁት አሉ። አልመለሰም።

33ኛዋ ይህን ሁሉ አንብባ ልጇ ፐርማነንት ማርከሩን ነጭ የዩኒፎርም ሸሚዝ ላይ እንዳፈሰሰው፣ ነገ ጠዋት እንደሚለብሰው፣ የሚያውቅ ካለ ቶሎ እንዲነግራት ለመነች። የፋርማሲው ሰው ማታውኑ ደርሶላታል። ውሃ ሳታስነኪ፣ ከሥር ጨርቅ አንጥፈሽ፣ በአልኮል ከጀርባው በኩል እየነካካሽ ወደ ጨርቁ አውርጂው፤ አትሺው፣ ይሰፋል፤ ሳይለቅም ካውያ አታስነኪው ብሏታል።